አረር የሚመክት ጥሩር፦ በ1640 ግድም ለሚዘምት ፈረሰኛ የትኛው ይሻላል?

ጥሩር፣ ማለትም የብረት የጦር ልብስ፣ ባሩድ በመጣ ማግስት ከጦር ሜዳ የጠፋ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገሩ እንዲያ አልነበረም። ነፍጥ በአውሮፓ ሠራዊቶች እጅ ከበዛ በኋላም ጥሩር ሠሪዎች ከመቶ ዓመት በላይ መዶሻቸውን አላስቀመጡም፤ እንዲያውም ሰው ለብሷቸው ሜዳ ከወረደባቸው ጥሩሮች መካከል ከባዶቹ የተቀጠቀጡት ነፍጥ ካየለ በኋላ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ17ኛው መጀመሪያ ላይ ነው። የተለወጠው ጥያቄው ነበር። ቀድሞ አቅም ያለው ፈረሰኛ ከራሱ እስከ እግሩ ተሸፍኖ ይወጣ ነበር፤ አሁን ግን የትኛውን የሰውነቱን ክፍል በምን ያህል ውፍረት እንደሚሸፍንና የትኛውን ራቁቱን እንደሚተው መምረጥ ግድ ሆነበት።

ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ያንን ምርጫ ይመለከታል። ታሪካዊ ልቦለድ ለሚጽፍ፣ ለፊልም ወይም ለጨዋታ ገጸ ባሕርይ ለሚያስታጥቅ፣ ወይም በሙዚየም መስታወት ውስጥ የቆመው ብረት ለምን ዓይነት ሰው እንደተሠራ ማወቅ ለሚሻ እንዲያገለግል፣ አንባቢውን በ1640 ግድም በእንግሊዝ ወይም በጀርመን ምድር ወደ ጦርነት እንደሚሄድ ፈረሰኛ ቆጥሬ እጽፋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። «ጥሩር»፣ «ራስ ቁር» እና «ገምባሌ» የሚሉትን ቃላት የወሰድኳቸው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ የጎልያድን ትጥቅ ያነበበ ሰው ያውቃቸዋል።

በቅድሚያ የሚተኮስብዎትን መሣሪያ ይወቁ

በዘመኑ ከነበሩት መሣሪያዎች መካከል ለፈረሰኛ ሁለቱን መለየት ይበቃዋል። አንደኛው በሌላ ፈረሰኛ እጅ ያለው ሽጉጥ ነው። ይህ ሽጉጥ ጥርስ ያለው የብረት መንኮራኩር በድንጋይ ላይ ሲሽከረከር በሚፈነጥቀው ብልጭታ ስለሚተኮስ፣ እንደ እግረኛው ነፍጥ የሚጨስ ገመድ አያስፈልገውም፤ ስለዚህም በኮርቻ ላይ ላለ ሰው ይመቻል። ርቀት ላይ ግን አይታመንም፤ ልምድ ያላቸው ፈረሰኞች አፈሙዙ የጠላትን ጥሩር ሊነካ እስኪቃረብ ድረስ ሳይተኩሱ ይቆዩ ነበር። ሁለተኛው የእግረኛው ሙስኬት ነው። በእንግሊዝ ልማድ የነፍጥ አፈሙዝ ስፋት የሚነገረው ከአንድ ፓውንድ እርሳስ በሚወጡት አረሮች ቁጥር ሲሆን፣ መደበኛው ሙስኬት ባለ 12 ነበር፤ ይህም አንዱን አረር ወደ 38 ግራም ያደርሰዋል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በምናውቀው መሣሪያ እንመዝነው። የክላሽ ጥይት 8 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 715 ሜትር ይበርራል፤ ጉልበቱም 2,000 ጁል ግድም ነው። በኦስትሪያ የግራዝ ከተማ ከ1640ዎቹ ጀምሮ የቆመና 32,000 የሚያህሉ ዕቃዎችን የያዘ የጦር ግምጃ ቤት አለ፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከዚያ የወጡ የ16ኛውና የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነፍጦች በመለኪያ መሣሪያ ፊት ተተኩሰው ሲፈተኑ አረራቸውን በሰከንድ በአማካይ 450 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ተፍተውታል። 38 ግራም የሚመዝን አረር በዚህ ፍጥነት ሲወጣ የሚኖረው ጉልበት 3,800 ጁል ያህል ነው። የክላሽን እጥፍ ለማለት ብዙም አልቀረውም።

ይሁን እንጂ አረሩ ክብ፣ ወፍራምና ለስላሳ ነው። ክብ ስለሆነ አየሩ ቶሎ ያደክመዋል፤ ለስላሳ ስለሆነ ብረት ሲመታ ይጠፈጠፋል፤ ሰፊ ስለሆነም ጉልበቱ በአንድ ነጥብ ላይ አይሰበሰብም። በዚያው የግራዝ ሙከራ ከ30 ሜትር የተተኮሱት ነፍጦች ጥቂት ሚሊሜትር ብረት ሲበሱ፣ በ100 ሜትር የበሱት ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ስለዚህ «ይህ ጥሩር አረር ይመክታል» የሚል ሻጭ ሲያጋጥምዎ የትኛውን ነፍጥ፣ ከስንት እርምጃ ብለው ይጠይቁት፤ መልስ ከሌለው ወደ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

ስለ ሽጉጡም የሚነገር አንድ ውጤት አለ። በአውግስቡርግ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራና 3 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው የደረት ጥሩር ከ8 ሜትር ተኩል በሽጉጥ ተመትቶ ነበር። አረሩ ብረቱን በሳው፤ ነገር ግን ጉልበቱን እዚያው ጨርሶ ከሥሩ በነበረው የተልባ እግር ጨርቅ ውስጥ ቀረ። ለባሹ ይበልዝ ነበር እንጂ አይሞትም ነበር። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ በዚህች ጠባብ ልዩነት ዙሪያ የሚሽከረከር ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ብትጨመር አረሩ አይገባም፣ አንድ ሚሊሜትር ብትቀነስ ጨርቁም አያድንም።

የሚሊሜትር ዋጋ

ብረቱን ማወፈር መፍትሔ ከሆነ ሁሉንም ለምን አያወፍሩትም? ስሌቱ ቀላል ነው። የአንድ ጎልማሳ ደረትና ሆድ የፊት ገጽ፣ ብረቱ ከሚይዘው ጎበጥ ያለ ቅርጽ ጋር፣ በግምት አንድ አምስተኛ ካሬ ሜትር ነው እንበል። በዚህ ስፋት ላይ አንድ ሚሊሜትር ብረት መጨመር 1.6 ኪሎ ያህል ይጨምራል። 2 ሚሊሜትር የሆነው የደረት ጥሩር 3 ኪሎ ሲመዝን፣ 4 ሚሊሜትሩ ከ6 ኪሎ ያልፋል፤ 6 ሚሊሜትሩ ደግሞ ወደ 9 ኪሎ ተኩል ይጠጋል። ደረት ላይ ብቻ ከሆነ ይህ የሚቻል ሸክም ነው። ነገር ግን ያንኑ 6 ሚሊሜትር በመላው ሰውነት ላይ፣ አንድ ካሬ ሜትር ተኩል በሚያህል ገጽ እንዘርጋው ብንል ከ70 ኪሎ በላይ ይሆናል፤ ይህም አንድ ሌላ ሰው ትከሻ ላይ ተሸክሞ እንደመዋጋት ነው። ስለዚህ ከራስ እስከ እግር ሙስኬት የሚመክት ጥሩር በሜዳ ጦርነት ኖሮ አያውቅም፤ ሊኖርም አይችልም ነበር።

ይህን ስሌት ሰዎቹ በትከሻቸው ያውቁት ነበር። ፍራንስዋ ደ ላ ኑ የተባለው የፈረንሳይ ሁጉኖት (ፕሮቴስታንት) የጦር አለቃ በ1587 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የዘመኑ መኳንንት ሽጉጥንና አርከቡስ የተባለውን ነፍጥ ፈርተው መስፍ ተሸክመው የሚሄዱ እስኪመስሉ ድረስ ጥሩራቸውን ማክበዳቸውንና ገና በሠላሳ አምስት ዓመታቸው ትከሻቸው መሰባበሩን በምሬት ገልጿል። ሰውየው ስለ አረር የሚናገረው ከሩቅ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ በ1570 ግራ ክንዱ በጥይት ስለተሰባበረ ተቆርጦ በብረት ክንድ ሲዋጋ የኖረና «የብረት ክንድ» የተባለ ነው።

ክብደት ሳይጨምሩ ጥንካሬ የሚያገኙበት መንገድ የብረቱ ጥራት ነው። በኦስትሪያ ኢንስብሩክና በእንግሊዝ ንጉሥ በግሪኒች በተቋቋመው አውደ ጥናት የሚሠሩ ባለሙያዎች አረብ ብረትን አግለው ፈሳሽ ውስጥ በመንከርና እንደገና በመጠኑ በማሞቅ ያጠነክሩት ነበር። ለብዙኃኑ ወታደር የሚሠራው ግን የብረት አር ያልጠራለት ለስላሳ ብረት ነበር፤ ይህ ዓይነቱ ብረት አረር ሲያርፍበት በውስጡ ካለው አር ጀምሮ ይሰነጠቃል። የልዩነቱን መጠን የሚያሳይ ሙከራ በ1590 በእንግሊዝ ተደርጓል። የንግሥት ኤልሳቤጥ የጦር ግምጃ ቤት ኃላፊ የነበረው ሰር ሄንሪ ሊ፣ አንዱ ከኢንስብሩክ ብረት ሌላው ከሽሮፕሻየር ኮረብታዎች ብረት የተሠሩ፣ በክብደት እኩል የሆኑ ሁለት የደረት ጥሩሮችን በአንድ ዓይነት የሽጉጥ የባሩድ ጉርሻ አስፈተነ። የኢንስብሩኩ ላይ ትንሽ ስርጉዳት ብቻ ሲቀር፣ የሽሮፕሻየሩን አረሩ በስቶት አልፎ ከኋላው የነበረውን ግንድ ጭምር ቦደሰው። ክብደቱን ብቻ አይተው የሚገዙ ሰዎች ሊ ስለ ፈተናው የጻፈውን ደብዳቤ ቢያነቡት ደግ ነበር።

ሦስተኛው መንገድ ቅርጹ ነው። በደረቱ መሐል ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ጠርዝ ለጌጥ የተሠራ አይደለም። በ45 ዲግሪ ያዘነበለ 3 ሚሊሜትር ብረት ከፊት ለሚመጣ አረር ከ4 ሚሊሜትር በላይ ሆኖ ይቆጠራል፤ አረሩም የመንሸራተት ዕድል ያገኛል። ስለዚህ በእኩል ዋጋ ከቀረቡ ጠፍጣፋውን ትተው ጠርዝ ያለውን ይውሰዱ።

የስርጉዳቱን ምስክርነት ማንበብ

የተፈተነ ጥሩር ደረቱ ላይ ወይም ሆዱ ላይ አንድ ክብ ስርጉዳት ይኖረዋል። ጥሩር ሠሪው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ራሱ ተኩሶበት፣ አረሩ የተወውን ምልክት ሳያቃና ያስረክባል፤ ስርጉዳቱ እንደ ማኅተም ያገለግላል ማለት ነው። በጃፓንም ነፍጥ በ1543 ከገባ በኋላ ተመሳሳይ ልማድ ነበረ፤ ገዢው የተኩሱን ምልክት አይቶ ይገዛል።

ማኅተሙ ግን ሁሉን አይናገርም። የተፈተነው በሽጉጥ ይሁን በሙስኬት፣ ባሩዱ ሙሉ ጉርሻ ይሁን የተቀነሰ፣ ርቀቱ ምን ያህል እንደነበር ከስርጉዳቱ ብቻ አይታወቅም። እርሳስ ብረት ላይ ሲያርፍ ስለሚጠፈጠፍ የእውነተኛ አረር ምልክት ሰፋ ብሎ ጥልቀቱ ያነሰ ነው፤ ጠባብና ጥልቅ የሆነ ጉድጓድ ካዩ የመዶሻ ሥራ እንዳይሆን ይጠርጥሩ። ከሁሉ በላይ ጥሩሩን ገልብጠው ከውስጥ በኩል ይዩት። ከውጭ ደህና የሚመስል ስርጉዳት በጀርባው ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለው ሁለተኛውን አረር አይችልም። የለንደን ጥሩር ሠሪዎች ማኅበር ምልክት፣ ዘውድ ያለበት የ«ኤ» ፊደል፣ ካለበት ቢያንስ ሥራው በባለሙያ ዓይን አልፏል ማለት ነው። የጀርባ ሰሌዳውን ማንም ተኩሶ አይፈትነውም፤ ከደረቱ በጣም ይሳሳልና ለሰይፍ እንጂ ለአረር እንደማይሆን አስቀድመው ይቀበሉት።

ሦስት አራተኛው ጥሩር

ከራስ ቁር እስከ ጉልበት የሚደርሰው ይህ ጥሩር ኩይራሲየር የሚባሉት ፈረሰኞች ልብስ ነው። ፊትን ጨምሮ የሚዘጋ ራስ ቁር፣ የአንገት መከላከያ፣ ትከሻና ክንድን የሚሸፍኑ ክፍሎች፣ ወፍራም ደረት፣ የጀርባ ሰሌዳ፣ ከወገብ እስከ ጉልበት በተደራረቡ ስስ ብረቶች የተሠራ የጭን ሽፋን፣ የብረት ጓንትም አለው። ከጉልበት በታች ገምባሌው ቀርቶ ረጅም የቆዳ ቦቲ ተተክቷል። ክብደቱ እንደ አሠራሩ ከ25 እስከ 40 ኪሎ ይደርሳል። የ15ኛው ክፍለ ዘመን ፈረሰኛ እግሩን ጭምር የሚሸፍነው ሙሉ ጥሩር ከ20 እስከ 25 ኪሎ ይመዝን እንደነበር ካሰብን፣ አዲሱ እግሩን ትቶም ከአሮጌው ከባድ ነው።

በሽጉጥ ለሚደረግ የፈረሰኛ ፍልሚያ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ማስረጃው ሩቅ አይደለም፤ በእንግሊዝ በንጉሡና በፓርላማው መካከል በተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት ይገኛል። ሐምሌ 13 ቀን 1643 ዴቫይዘስ ከተማ አጠገብ ራውንድዌይ ዳውን በተባለው ሜዳ፣ የፓርላማው ወገን የነበረው ሰር አርተር ሄዝልሪግ እንዲህ ያለ ጥሩር የለበሰ ሙሉ ክፍለ ጦር ይመራ ነበር፤ ወታደሮቹን በቅርፊታሙ የባሕር እንስሳ ስም «ሎብስተሮች» ይሏቸው ነበር። የንጉሡ ወገን የሆነው ካፒቴን ሪቻርድ አትኪንስ ሄዝልሪግን አሳድዶ ደርሶበት ሽጉጡን ራሱ ላይ አስነክቶ ተኮሰበት፤ ሌሎችም ተኮሱበት፤ በሰይፍም መቱት። ጥሩሩ ሁሉንም መለሰ። ወሬውን የሰማው ንጉሥ ቻርልስ፣ ሰውየው እንደ ጥሩሩ ስንቅም ቢኖረው ኖሮ ከበባ ይችል ነበር ብሎ ቀለደ ይባላል።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። አትኪንስ ሰውየውን መጣል ሲያቅተው ሰይፉን ወደ ፈረሱ አዞረ፤ ፈረሱም ወደቀ። ሄዝልሪግ ከመማረክ የዳነው ወገኖቹ ደርሰውለት ነው። ሎብስተሮቹም ቢሆኑ በዕለቱ ተሸንፈው ቁልቁል ተበትነዋል። በ1642 በኤጅሂል ጦርነት የነበረው ኤድመንድ ሉድሎው ደግሞ፣ ከፈረሱ ከወረደ በኋላ በዚህ ጥሩር ክብደት የተነሳ መልሶ ለመውጣት ብርቱ ችግር እንደገጠመው በማስታወሻው ጽፏል።

ስለዚህ ይህን የሚመርጥ ሰው ሁለት ነገር አስቀድሞ ማሟላት አለበት። አንደኛው ጠንካራና ትልቅ ፈረስ ነው፤ ከተቻለም ተለዋጭ ጭምር፤ ምክንያቱም በዚህ ዘመን ፈረሱ ጥሩር አይለብስም። ሁለተኛው ዕቃውን የሚሸከም፣ የሚያስታጥቅና ዝገቱን የሚያጸዳ አገልጋይ ነው። እነዚህን ሳያሟሉ ጥሩሩን ብቻ የገዙ ሰዎች ከሁለት ያጡ ናቸው፤ ብረቱም ፈረሱም በወሳኙ ሰዓት አያገለግሏቸውም። አንድ ነገር ደግሞ ይታወስ፤ ወፍራም የሆነው ደረቱና ራስ ቁሩ ብቻ ነው። የክንዱና የጭኑ ብረት ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ሰይፍ ይከላከላል፣ የደከመ አረርም ይመልሳል፣ በቅርብ የተተኮሰን ሙስኬት ግን እንደ ወረቀት ያሳልፋል።

ደረት፣ ጀርባና ራስ ቁር

አርከቡዚየር የሚባለው፣ ቀለል ባለ ጥሩር የሚዘምተው ፈረሰኛ ትጥቅ ይህ ነው። ወፍራም የደረት ጥሩር፣ ስስ የጀርባ ሰሌዳ፣ ከኋላ አንገትን የሚሸፍን ጅራትና ከፊት የብረት ዘንጎች ያሉት ራስ ቁር፣ ሲቻል ደግሞ ልጓም የሚይዘውን ግራ እጅ እስከ ክርን የሚሸፍን ረጅም የብረት ጓንት። ከሥሩ ወፍራም የቆዳ ካፖርት ይለበሳል። ብረቱ በአጠቃላይ ከ8 እስከ 12 ኪሎ ግድም ነው። የፓርላማው ወገን የጦር አለቃ የነበረው የክሮምዌል ፈረሰኞች የተዋጉት በዚህ ነው፤ ፓርላማው በ1645 ያደራጀው አዲሱ ጦርም ፈረሰኞቹን ያስታጠቀው በዚሁ ነው።

እኔ ብሆን የምመርጠው ይህንን ነው፤ ምክንያቱንም ልናገር። ከባዱ ጥሩር ከዚህኛው የሚበልጥበት ክብደት በአብዛኛው የሚውለው አረር በማይመክቱት የክንድና የጭን ብረቶች ላይ ነው። በሰይፍ ዘመን ያ ተገቢ ነበር። አረር በሚዘንብበት ሜዳ ግን 15 ወይም 20 ኪሎ ተሸክሞ አረር የሚያሳልፍ ብረት መልበስ ብዙ የሚያዋጣ አይመስለኝም። አርከቡዚየሩ ያንን ሸክም አውልቆ፣ ቢመታ በቀጥታ የሚገድለውን የሰውነት ክፍል በሚያስተማምን ውፍረት ይሸፍናል፤ ከፈረሱ ቢወድቅ ይነሣል፤ ቀኑን ሙሉ ይጋልባል።

ጉዳቱ ግልጽ ነው፤ ክንድና እግር ለዕድል ይተዋሉ። ክንድ ላይ የሚያርፍ የእርሳስ አረር ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ዘመን መቶ ዓመት ቀደም ብሎ በእኛው አገር የሆነውን ማስታወስ ይቻላል። በ1541 አራት መቶ ነፍጠኞችን ይዞ በምጽዋ የገባው ፖርቹጋላዊው ክሪስቶቫው ዳ ጋማ፣ በነሐሴ 1542 ወፍላ ላይ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት የኦቶማን ነፍጠኞችን አክሎ በገጠመው ጊዜ ክንዱ በአረር ተሰብሮ ሸሽቶ ተማረከ፤ ተገደለም። ኢማሙም በየካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይ በነፍጥ ወደቀ። እርሳስ አጥንት ሲመታ አጥንቱን ያደቀዋል፤ በዘመኑ ሐኪም ዘንድ የዚህ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ መጋዝ ነበር። ግራ እጅን የሚሸፍነውን ረጅም ጓንት ዋጋው ወደደ ብለው እንዳይተዉት የምመክረውም ስለዚህ ነው፤ ልጓም የያዘ እጅ ከፊት የቀደመ እጅ ነው፤ ሰይፍም አስቀድሞ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

ተደራቢው ሰሌዳ

በደረቱ ላይ በማሰሪያና በመንጠቆ የሚያያዝ ሁለተኛ የብረት ሰሌዳ አለ። ያለ እርሱ ደረቱ ሽጉጥ ይችላል፤ ከእርሱ ጋር ሙስኬት ይችላል። ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይጨምራል፤ ነገር ግን የሚጨምረው ሲፈለግ ብቻ ነው፤ በጉዞ ላይ በጓዝ ይጫናል፤ ወደ እግረኛ መስመር የሚጠጉ ከሆነ ይደረባል። በእኔ ግምት በዚህ ዝርዝር ውስጥ ለገንዘብዎ ብዙ የሚመልስልዎት ዕቃ ይህ ነው፣ በተለይም ሥራዎ ማዘዝ ከሆነና በአንድ ቦታ ቆመው የሙስኬት ዒላማ የሚሆኑ ከሆነ። ጉድለቱ ጊዜ ነው። ድንገተኛ ውጊያ ሲነሣ ተደራቢው በበቅሎ ላይ ከሆነ የለዎትም ማለት ነው። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት አንድ እጅዎ ልጓም ይዞ በሌላው ብቻ ሊያያይዙት መቻልዎን ይፈትሹ።

ቆዳ ብቻ

በዓሣ ዘይት የለፋ የበሬ ወይም ኤልክ የተባለው ትልቅ አጋዘን ቆዳ ካፖርት ሰይፍን በሚገባ ይከላከላል፤ ውፍረቱ አንዳንዴ 5 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ይሞቃል፤ ብዙ ድምፅ የለውም፤ አይዝግም። አረርን ግን፣ ከሩቅ መጥቶ ከደከመው በቀር፣ አያቆምም። ዋጋውም እንደሚገመተው ርካሽ አይደለም፤ በ1640 የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ለንደን ውስጥ ጥሩ የሆነው ከ10 ፓውንድ በታች እንደማይገኝ ይናገራል፤ ይህም ለተራ ፈረሰኛ ከሚሰጠው የደረት፣ የጀርባና የራስ ቁር ጥምር ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው።

ብረት ትቶ ቆዳን የመረጠ ታላቅ ሰው አለ። የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ በ1627 ዲርሻው ላይ ትከሻው አጠገብ የገባው አረር ሳይወጣለት በመቅረቱ የብረት ጥሩር ሲለብስ ያመው ነበር፤ ስለዚህ የኤልክ ቆዳ ካፖርት ለብሶ ይዋጋ ነበር። በኅዳር 1632 ሉትሰን ላይ ያው ካፖርት እንደለበሰ በአረርና በሰይፍ ተመትቶ ሞተ። ካፖርቱ ዛሬ ስቶክሆልም በሚገኘው የንጉሣዊ ትጥቅ ሙዚየም ውስጥ ከነቀዳዳዎቹ ይታያል። እንደ እርሱ የሚከለክል ቁስል ከሌለብዎት ካፖርቱን ከብረት ሥር ይልበሱት እንጂ በብረት ምትክ አይቁጠሩት።

የምሽግ ጥሩርና የእግረኛው ጥሩር

እነዚህን ሁለቱን ፈረሰኛ አይገዛቸውም፤ በሙዚየም ግን አብረው ስለሚታዩ መለየት ይጠቅማል። የምሽግ ጥሩር በከበባ ጊዜ ከግንቡ ሥር ጉድጓድ ለሚቆፍሩና ቁመው ለሚቃኙ ሰዎች የተሠራ ነው፤ ራስ ቁሩ ብቻውን 8 ኪሎና ከዚያ በላይ ሊመዝን ይችላል። ጥቂት እርምጃ ለሚራመድና ከላይ በሙስኬት ለሚተኮስበት ሰው ይህ ክብደት ተገቢ ነው፤ ለጋላቢ ግን አንገት ሰባሪ ነው። ጦር የሚይዘው እግረኛ ጥሩር ደግሞ ደረት፣ ጀርባና የጭን ሽፋን ያለው ሲሆን ብረቱ ስስ፣ ሥራውም የችኮላ ነው፤ ረጅም ጉዞ የሚጓዙት እግረኞች በ1640ዎቹ እየጣሉት ነበር። ርካሽ ነው ብሎ ደረቱን ለፈረሰኛ የሚሸጥልዎት ቢገኝ ስርጉዳት ይፈልጉበት፤ አብዛኛውን ጊዜ አያገኙም።

መድፍን በሚመለከት ምርጫ የለም። በፓሪስ የጦር ሙዚየም ውስጥ በ1815 ዋተርሉ ላይ የሞተው የፈረንሳዊው ፈረሰኛ የአንትዋን ፎቮ የደረት ጥሩር አለ፤ የመድፍ አረር በደረቱ ገብቶ በጀርባው የወጣበት ትልቅ ቀዳዳ ይታይበታል።

ከመክፈልዎ በፊት

የትኛውንም ቢመርጡ ለብሰው ሳይፈትኑ ገንዘብ አይቁጠሩ። ዳዊት የሳኦልን ጥሩር ለብሶ ከሞከረ በኋላ «አልፈተንሁትምና» ብሎ ማውለቁ የአማኝነት ብቻ ሳይሆን የጥሩ ገዢም ጠባይ ነው። ቆመው የሚስማማ የደረት ጥሩር ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ ወደ ላይ ተገፍቶ ጉሮሮን ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህ ፈተናው በፈረስ ላይ ይሁን፣ ፈረስ ከሌለም አጥር ላይ ይቀመጡ። የወገቡ ማሰሪያ ሲጠብቅ የክብደቱ ገሚስ ያህል ከትከሻ ወርዶ ዳሌ ላይ ማረፍ አለበት። ሁለቱንም ክንዶች ከፊት አጋጥመው ልጓምና ሽጉጥ እንደያዙ ያድርጉ፤ የብብቱ ጠርዝ ክንድዎን ከቆረጠው በሁለተኛው ቀን ቁስል ይሆናል። ራስ ቁሩን ደፍተው አንገትዎን ወደ ሁለቱም ጎኖች ያዙሩ፤ የኋላ ጅራቱ የጀርባ ሰሌዳውን ከነካ ከኋላ የሚመጣውን ማየት አይችሉም። ልክ ሲወሰድ ደግሞ ወፍራሙ ካፖርት ከሥር ይኑር፤ በሸሚዝ የተለካ ጥሩር በክረምት ካፖርት ላይ አይገባም፤ ጥሩር ሠሪው አንዴ ካጠነከረው በኋላም እንደገና ቀጥቅጦ ሊያሰፋልዎት አይችልም።